ባሌትን በቤት ውስጥ ስለ መማር
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች አንድ ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ስለ ባዮሎጂ ትምህርት አሰጣጥ የምናገር መስሏቸው ነበር። ርእሴን በነገርኋቸው ጊዜ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ባሌ ነው ያልኸው? አገሩ?» ሲል ጠየቀኝ። ባሌ ሳይሆን ባሌት ነው። ፈረንሳዮቹ ግን የመጨረሻዋን ፊደል ስለማይጠሯት ጸሐፊያችን ያን ያህል አልተሳሳተም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ በከላላ ባዮሎጂ የማስተምር፣ በክረምት ደግሞ ደብተሬን ይዤ ከእናንተ ጋር የምማር ሰው ነኝ። ጨፋሪ አይደለሁም። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ዐዋቂ ሰው፣ መምህርና መስተዋት በሌለበት የደጋ ከተማ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ የባሌትን መጀመሪያ ለመማር ቢሞክር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ነው። ካጣኋቸው ነገሮች አንዱ የግራ ጉልበቴ ነበር፤ ስለ እርሱ በቦታው እናገራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኔም በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁ። ሰኔ ላይ በስልኬ አንዲት አጭር ፊልም ደረሰችኝ። አንቶኒ ማዱ የሚባል የ11 ዓመት የናይጄሪያ ልጅ በሌጎስ ከተማ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ውሃ ባቋተ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ባሌት ይጨፍራል። በዚያች ሰዓት የእኛም ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። እኔ ከዝናቡ ሸሽቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ልጁ ግን በዝናቡ ውስጥ ይሽከረከራል። ይህ ነገር አሳፈረኝ።

ስለ ልጁ ባነብብ ይበልጥ የገረመኝ የመምህሩ ታሪክ ሆነ። ዳንኤል አጃላ የተባለው ይኸው ናይጄሪያዊ በአካባቢው የባሌት ትምህርት ቤት ስላልነበረ አብዛኛውን ከፊልምና ከኢንተርኔት እየተመለከተ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሊፕ ኦፍ ዳንስ አካዳሚ» የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕፃናቱንም ያለ ክፍያ ያስተምር ጀመር። አንቶኒ ማዱ ከዚያ ተነሥቶ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ወደሚገኘው ኤልምኸርስት የባሌት ትምህርት ቤት ለመግባት በቃ። እንግዲህ ራስን በራስ ማስተማር ባዶ ሕልም አለመሆኑን ከዚህ ተረዳሁ። ዳሩ ግን ልጁ 11 ዓመቱ ነበር፤ እኔ 29።

ስለ ዕድሜ ካነሣን አይቀር፣ ባሌት የሕፃናት ትምህርት ነው የሚለው አስተሳሰብ በኋላ የመጣ ነው። በመጀመሪያ የዐዋቂዎች፣ ያውም የመኳንንት ሥራ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ይጨፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1653 ገና በ14 ዓመቱ ፀሐይን መስሎ በመድረክ ስለ ወጣ «ንጉሠ ፀሐይ» የሚለው ስሙ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ፤ ፒየር ቦሻም የተባለው የንጉሡ የዳንስ መምህርም ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራባቸውን አምስቱን የእግር አቋቋሞች ሥርዓት አስያዘ። በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ መምህር ቀጥሮ በየቤቱ ይማር ነበር። እኔም «ባሌት በቤት ውስጥ» ስል በጥንቱ ልማድ መሄዴ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ከቤተ መንግሥቱና ከመምህሩ በቀር።

«የእግር አቋቋም» ስል ከመካከላችሁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሳችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ትክክል ናችሁ። እኛ አገር «አቋቋም» የሚባል ሙሉ ትምህርት አለ፤ ጎንደርና ደብረ ታቦር ድረስ ተሂዶ ዓመታት የሚፈጅ። ተማሪው ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱን በየስማቸው ለይቶ ይማራል፤ መቋሚያው መቼ እንደሚዘነብል፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚወርድ፣ እግር መቼ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። መምህሩ የተሳሳተውን ይገሥጻል። እኔ ባሌትን ለመረዳት የቻልሁት በዚህ በኩል ነው። እስክስታን ማንም አላስተማረንም፤ በሠርግና በዓውደ ዓመት ከእናቶቻችን ጉያ ሆነን አይተን ትከሻችን ራሱ ዐወቀው። አቋቋም ግን በስም፣ በተራ፣ በመደጋገም የሚገኝ ነው። ባሌትም ከእስክስታ ይልቅ የሚቀርበው ወደ አቋቋም ነው። መቆምን መማር አለብህ፤ ያውም መቆምህን እንደማታውቅ ካመንህ በኋላ።

እንግዲህ ቤቴን ላሳያችሁ። ክፍሏ አራት ርምጃ በሦስት ነች፤ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው። ባሌት ተማሪ በእጁ የሚደገፈው አግዳሚ እንጨት ያስፈልገዋልና ከገበያ አንድ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቼ፣ ልጬና አልስልሼ፣ ከወገቤ ትንሽ ከፍ አድርጌ በግድግዳው ላይ አሰርሁት። ይህ እንጨት እንደ ምርኩዝ የሚንጠላጠሉበት አይደለም፤ ጣት ብቻ የሚያርፍበት ነው። የመቋሚያን ነገር እዚህ ላይ አስቡ፤ ደክሞት የተደገፈበትንና በሥርዓት የያዘውን መሪጌታ ከሩቅ ይለየዋል። መስተዋት አልነበረኝም። ማታ አምፖሉን ከኋላዬ አድርጌ ጥላዬን በግድግዳው ላይ እመለከት ነበር። ጥላ መልክ አያሳይም፤ ወገብ መጉበጡንና ትከሻ መነሣቱን ግን አይደብቅም። አንድ ጊዜ በስልኬ ራሴን አነሣሁና ተመለከትሁ። ያየሁት ባሌት ሳይሆን ለመንበርከክ የምታመነታ ግመል ነበረች። ፊልሙን ወዲያው አጠፋሁት።

የመጀመሪያው ትምህርት «ፕሊዬ» ይባላል፤ ማጠፍ ማለት ነው። ሁለቱ ተረከዞች ተነካክተው፣ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ ጉልበት ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ቀስ ብሎም ይቀናል። ተረከዝ ከመሬት አይነሣም። ጉልበትም የእግር ጣቶች ባመለከቱበት አቅጣጫ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ሌላ የለውም። የሁለት ዓመት ሕፃን የሚሠራው ይመስላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግን ጭኔ ደረጃ መውጣት እስኪያቅተኝ ድረስ ታመመ። ከእርሱ ቀጥሎ «ታንዱ» ይመጣል፤ መዘርጋት ነው። አንዱ እግር መሬቱን ሳይለቅ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ተረከዝ ይነሣል፣ ከዚያ የእግር መዳፉ፣ በመጨረሻ የጣት ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል፤ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሥራው ሁሉ ያለው ግን በሚንቀሳቀሰው እግር ሳይሆን ቆሞ በሚሸከመው ነው። ይህን ለመረዳት አራት ወር ፈጀብኝ። ሌሎቹን፣ እግርን በመሬት ላይ ክብ ማሳለን፣ በእግር ጣት መነሣትን የመሳሰሉትን፣ በቃል ብነግራችሁ ስለማይገባችሁ እዘላቸዋለሁ።

አከራዬ እናት ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ ደግ የእስላም ባልቴት ናቸው። አንድ ቀን ቡና ሊጠሩኝ በሩን ቢከፍቱ ግድግዳውን ይዤ፣ እግሬን እንደ ዳክዬ ከፍቼ ቆሜአለሁ። «ያ ረቢ! ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉ። እኔም «ስፖርት ነው፣ እማማ» አልሁ። ምንም ሳይሉ ሄደው ጥቂት ቆይተው ለጋ ቅቤ በስኒ ይዘው መጡ፤ «ወገብህን ተቀባበት፤ ባሌም ሲሞት እንዲህ ነው የጀመረው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማየት ለመዱ። መደብ ላይ ተቀምጠው ፈትል እየፈተሉ ያዩኛል፤ አስተያየትም ይሰጣሉ። እጅን ከደረት ወደ ራስ የማንሣት ሥራ አለ፤ «ፖር ደ ብራ» ይባላል፤ እጅ አያያዝ ማለት ነው። እኔ እጄን ሳነሣ ትከሻዬም አብሮ ይነሣል። የወሎ ልጅ ነኝና ትከሻዬ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም። እርሳቸው ይህን አይተው «እኔ ጀበና ይዤ ስቀዳ ትከሻዬን አይተኸዋል?» አሉኝ። በማግስቱ ቡናው ሲቀዳ ተመለከትሁ። ክንዳቸው ከብብታቸው ተለይቶ እንደ ክብ ይዘረጋል፣ ክርናቸው አይወድቅም፣ አንጓቸው ብቻ ይዘነብላል፤ ትከሻቸው ግን እንደ ተቀመጠ ነው። ሲኒው ሞልቶ ጠብ አይልም። ከስልክ ፊልም ለስምንት ወር ያልተረዳሁትን እዚያች ረከቦት አጠገብ ተረዳሁት።

አሁን ወደ ጉልበቴ ልመለስ። ይህን የምናገረው ከእናንተ መካከል ለመሞከር የሚያስብ ካለ እንዲጠነቀቅ ነው።

ባሌት እግር ወደ ውጭ እንዲዞር ይፈልጋል። በሥዕልም በፊልምም የምናያቸው ሰዎች ሁለቱ እግሮቻቸው በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ተዘርግተው 180 ዲግሪ ይሞላሉ። እኔም ያን ካልሞላሁ ባሌት አይደለም ብዬ አጣናውን ጨብጬ እግሬን በግድ ከፈትሁት። በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ማታ ከፕሊዬ ስነሣ በግራ ጉልበቴ ውስጠኛ ጎን አንድ ነገር እንደ ክር ተሳበ። በማግስቱ ጉልበቴ እንደ ሙልሙል ዳቦ አበጠ። ለአራት ወር ያህል እያነከስሁ አስተማርሁ። ተማሪዎቼ ኳስ ስጫወት የተጎዳሁ መስሏቸዋል፤ እኔም አላረምኋቸውም። በዚህ ዛሬም አፍራለሁ፤ ጉልበቴን ከማሳበጤ ይልቅ በመዋሸቴ።

የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ይህን አስቀድሜ ማወቅ ይገባኝ ነበር። የጭን አጥንት ራስ ክብ ኳስ ናት፤ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ትዞራለች። ይህች መገጣጠሚያ ወደ ውጭ የምትዞረው በአብዛኛው ዐዋቂ ሰው ዘንድ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ነው። የጎድጓዳው ጥልቀትና አቅጣጫ፣ የአጥንቱም አንገት አሠራር ከሰው ሰው ይለያል፤ ይህን ደግሞ በ29 ዓመት ልምምድ አይለውጠውም። ጉልበት ግን ማጠፊያ ነው፤ እንደ በር ይከፈታል ይዘጋል እንጂ ብዙ አይጠመዘዝም። ዳሌ እምቢ ያለውን መዞር እግርን በመሬት ላይ አጣብቀን ብናስገድደው፣ ጠማማው ኀይል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። የኔ ጉልበት የከፈለው የዳሌን ዕዳ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። በሆድ ተኙ፤ ሁለት ጉልበቶች ይገጣጠሙ፤ አንዱን ጉልበት አጥፋችሁ የእግራችሁ ውስጥ ወደ ሰማይ ይመልከት፤ ከዚያ ዳሌያችሁ ሳይነሣ ያን እግር ወደ ሌላው እግር በኩል አዘንብሉት። ያለ ግድ የሚሄደው ማዘንበል የእናንተ ድርሻ ነው። የመጀመሪያውን አቋቋም በዚያው ልክ ክፈቱ። የኔ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ተረከዞቼ ተነካክተው እግሮቼ ሲከፈቱ የ«ሀ» ፊደልን ግልባጭ ያህል እንኳ አይሰፉም። እነሆ በዚያች ጠባብ አቋቋም እሠራለሁ፤ ጉልበቴም ዳግመኛ አላበጠም። ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ቢወጋው በዜማው ተመስጦ አላወቀም ይባላል። ይህ ለቅዱስ ነው። እኛ ሲያመን እናቁም።

ሌላም ክልክል አለ። በባሌት ጫማ ጣት ጫፍ ላይ መቆም በቤት፣ ያለ መምህር፣ በምንም መንገድ የሚሞከር አይደለም። ማሪ ታሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1832 በጣት ጫፍ ቆማ ዓለምን ባስደነቀች ጊዜ አስቀድሞ አባቷ በየቀኑ ለሰዓታት ያሠለጠናት ነች። በሲሚንቶ ወለል ላይ መዝለልም እንዲሁ ነው፤ የባሌት ቤቶች ወለል ከሥሩ ላላ ተደርጎ የሚሠራው የዝላዩን ድንጋጤ እንዲቀበል ነው። እኔ እስከ ዛሬ ዝላይ አልጀመርሁም። አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ዝላይ ባሌት! ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ሁሉን ተውሁት፤ ያን ጊዜ አጣናውን ያስታወሰው የለም። ተመልሼ ከጀመርሁ በኋላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የስልክ ኢንተርኔት በክልላችን ተቋረጠ። ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። መምህሬ ስልኬ ነበርና መምህሬ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ የማስታውሰውን ሁሉ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ጻፍሁ፤ በእንጨት እግር የተሠሩ ሰዎች እየሣልሁ፣ «ክብደት የት ነው?» «ዐይን የት ይመለከታል?» እያልሁ። እንግዳ ነገር ሆነብኝ እንጂ ከሁሉ ይልቅ የተሻሻልሁት በእነዚያ ወራት ነው። ከዚያ በፊት በየማታው አዲስ ፊልም እያየሁ ከአንዱ ወደ ሌላው እዘልል ነበር። አሁን ያለችኝ አሥር ልምምድ ብቻ ስለ ሆነች አሥሯን ሠራሁ።

ሙዚቃም አልነበረኝም፤ ፒያኖው የቀረው ከኢንተርኔቱ ጋር ነው። ያን ጊዜ የራሴን አገር ሙዚቃ ሞከርሁ። ለፕሊዬ ከትዝታ የሚሻል የለም። ይረዝማል፣ አይቸኩልም፣ ጉልበት እስኪቀና ይጠብቃል። በአምባሰልም ሞክሬ ነበር፤ ዜማው ልቤን ይወስደውና ቁጥሩን እረሳለሁ። በሦስት ሦስት የሚቆጠረው የባሌት ልምምድ ደግሞ በእኛ ጭፈራ ምት ያለ ችግር ይሄዳል። ይህን ያገኘሁት በብልሃት ሳይሆን በችግር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሰምተው «የራሳችን ጭፈራ እያለ የፈረንጅ ቅብጠት ምን ያደርግልሃል?» ብለውኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የወሎ እስክስታ ያለው ሰው ድኻ አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸውንም አልረሳሁም። ግን እግር ኳስንም ከውጭ ነው ያመጣነው፤ በገና ላይ ስለ ተጫወትነው ገና አልጠፋም። ደግሞም ባሌትን መማሬ እስክስታን አሳየኝ እንጂ አላስጠላኝም። አሁን ሠርግ ቤት ስሄድ ሰዎቹ ጉልበታቸውን ለስለስ አድርገው ክብደታቸውን ወደ መሬት ሲለቁ፣ ባሌት ደግሞ ክብደትን ከመሬት ሊሰርቅ ሲሞክር፣ ልዩነቱን አያለሁ። ከዚህ በፊት አላይም ነበር፤ እጨፍር ነበር እንጂ።

በአገራችንም ቢሆን ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አሳየ። ከእነርሱ መካከል የተመረጡት «አዱኛ» በሚል ስም የዳንስ ቡድን ሆነው ለዓመታት ሠለጠኑ፤ በኋላም አካል ጉዳተኞችን ጨምረው አስተማሩ፣ አብረውም ጨፈሩ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳቡሮ ተሺጋዋራ በተባለው ታላቅ የጃፓን የዳንስ ሰው ሥር እንዲማር ተመረጠ። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የጀመረው ማልዱም ራሱ ዳንስን የጀመረው በሃያዎቹ ዕድሜው ነው። ከእኔ ይቀድማል፤ ከእናንተ ከአብዛኞቹ ግን አይቀድምም።

እኔ ለመድረክ አልደርስም። ይህን ስናገር ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም፤ ስለማውቀው ነው። ያገኘሁት ሌላ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ወገቤን አያመኝም። ተማሪዬ ሲሳሳት እንደ ቀድሞው ቶሎ አልቆጣም፤ አንድን ቀላል ነገር ለመረዳት አራት ወር የፈጀበት ሰው መቆጣት ያፍራል።

አንድ ጥያቄ ለማኅበሩ አለኝ። ከስብሰባ አዳራሹ ጀርባ ያለችው ክፍል፣ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩባት፣ ወለሏ ጣውላ ነው። ሲሚንቶ አይደለም። በሳምንት ሦስት ማታ ለአርባ ደቂቃ ብትፈቀድልን ወንበሮቹን እኔ ራሴ አወጣለሁ፤ አጣናም ከከላላ አመጣለሁ። ወንዱም ሴቷም፣ መምህሩም ጭምር ይምጣ። ባሌት የማይወድ እስክስታውን ይዞ ይምጣና ትከሻችንን ያስተካክልልን። አስተማሪ አልሆንም፤ የምናየውን አብረን እያየን ጉልበታችንን አብረን እንጠብቃለን። ክፍሏ ትፈቀድ ወይስ አትፈቀድ የሚለውን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ይወስን።

ለጥያቄ ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ሁላችሁም ተነሡ። የፊት ለፊታችሁን ወንበር ጀርባ በአንድ እጃችሁ ያዙ፤ አትጨብጡ፣ አሳርፉ። ተረከዞቻችሁ ይነካኩ፤ ጣቶቻችሁን የሚሄድላችሁን ያህል ብቻ ክፈቱ። ከኋላ ያላችሁ አትሳቁ፤ ዲኑም ተነሥተዋል። ትከሻ ይውረድ። አሁን ጉልበታችሁን ቀስ ብላችሁ እጠፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ተረከዝ አይነሣ። ተነሡ፤ አንድ፣ ሁለት...